የቆልቲ ወንዝ መክፈቻ ሒሳብ

በ2118 ዓ.ም. ነሐሴ ሠላሳ ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የወይራ አምባ ከተማ ሒሳብ ተዘጋ። በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ የምትኖረው ለስላሳ ድምፅ «የዓመቱ ሚዛን ተስተካክሏል፤ የጎደለ የለም፤ እናመሰግናለን» አለችና ዝም አለች። እስከ መስከረም አንድ ጠዋት ድረስ ቃል አትተነፍስም። የወይራ አምባ ሰው ጳጉሜ መግባቷን የሚያውቀው በዚህ ዝምታ ነው።

ወይዘሮ አመለወርቅ ይመር ከላውንድሪዋ ደጃፍ ቆማ መንገዱን ታይ ነበር። የግድግዳዋ ድምፅ እንደጠፋች ከተማው አበደ። የፊት ለፊት ጎረቤቷ ዓመቱን ሙሉ በሸራ ሸፍኖ ያኖራትን የአባቱን የናፍጣ መኪና አስነስቶ፣ የትም ሳይሄድ፣ ጭሷን እያየ ተቀመጠ። ማዶ ያሉት እህትማማቾች እውነተኛ እንጨት አንድደው እጃቸውን ይሞቃሉ። ልጆች ቧንቧ ከፍተው ይረጫጫሉ፤ የሚቆጣቸው የለም። ለአመለወርቅም ጳጉሜ የገበያዋ ወር ናት። አንድ አንሶላ ለማሳጠብ ሲሰስት የከረመ ሁሉ መጋረጃውንም ብርድ ልብሱንም ተሸክሞ ይመጣል። በጳጉሜ የፈሰሰ ውሃ አይቆጠርማ።

በቀረው ዓመት የማይቆጠር ነገር የለም። ክብሪት የጫረ ይመዘገባል። ቅርንጫፍ የቆረጠ ይመዘገባል፤ ግን አይቀጣም፤ እኩያው ሌላ ቦታ ከተገኘ ምንም እንዳልጠፋ ይቆጠራል። ለአመለወርቅ፣ ባሏ አህመዴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሞተበት ዓመት፣ ሒሳቡን የሚይዘው ሚዛን ቤት ግቢዋ ውስጥ የነበረውን ትልቅ ዋርካ ለመንገድ ብሎ ሲያስቆርጠው «እኩል ዋጋ ያለው ጥላ» የሚል ወረቀት ተሰጥቷታል። ጥላው ያለው እግሯ ረግጦት በማያውቅ ሩቅ ቆላ ውስጥ ነው። ፀሐዩ ግን እዚሁ ግቢዋ ቀረ። በሒሳቡ መሠረት አመለወርቅ ዛሬም ጥላ ሥር ተቀምጣለች።

ጳጉሜ ከዚህ ሁሉ እንዴት አመለጠች ለሚል፣ ነገሩ ቀላል ነው። ሚዛኑ፣ ይህ የመቁጠሪያ ሥርዓት፣ ከባሕር ማዶ ሲመጣ አሥራ ሁለት ሣጥን ይዞ መጣ። ሀገሩን ወደ ሣጥኑ የከተተው ኮሚቴ ከመስከረም እስከ ነሐሴ አንድ በአንድ ደርድሮ ሲጨርስ ሣጥኑ ሞላ፤ ተጨበጨበ፤ አበል ተከፈለ። አምስቱ ቀኖች ሜዳ ላይ መቅረታቸው የታወቀው በኋላ ነው። ያኔም ማረም ይቻል ነበር። ግን ማረም ማለት ተሳስተናል ብሎ መፈረም ስለሆነ፣ «ጳጉሜ ከሚዛን ውጭ ናት» የሚል መመሪያ ወጣ። ሕዝቡም እልል አለ።

የነገሩ ሌላ ጎን የታየው እልልታው ሲበርድ ነው። በጳጉሜ የጠፋ ነገር ጠፋ አይባልም። ነሐሴ ሠላሳ የነበረው ተዘግቷል፤ መስከረም አንድ ጠዋት የተገኘው ደግሞ አዲስ መክፈቻ ነው፤ በመካከል ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ዓምድ የለም። «ለምለም ምትክ» የሚባል አክሲዮን ማኅበር ይህችን ቀዳዳ ቶሎ አያት። አምና በጳጉሜ ከከተማው በታች የነበረውን ጨፌ እንዳለ ደፈነው። መስከረም አንድ የተገኘው ደልዳላ መሬት ስለነበር፣ በሒሳቡ እዚያ ጨፌ ኖሮ አያውቅም። ዳክዬዎቹ ግን ብዙ ቀን ከላዩ ሲዞሩ ሰነበቱ፤ እነሱ መመሪያ አያነቡም።

ዘንድሮ ተራው የቆልቲ ወንዝ ነው። ሚዛኑን የሚያሰሉት ማሽኖች ከኮረብታው ጀርባ ባለ አዳራሽ ውስጥ ሌት ተቀን ሲያስቡ ይግላሉ፤ ማቀዝቀዣ ውሃ ይፈልጋሉ። ለምለም ምትክ ዓመቱን ሙሉ፣ ሕጉን አክብሮ፣ ከአዳራሹ እስከ ወንዙ ዳር ቦይ ሲቆፍር ከረመ። በቦዩና በወንዙ መሃል የቀረችው የአጥር ውፍረት ያላት አፈር ብቻ ናት። እሷም በጳጉሜ ትነሳለች። መስከረም አንድ የሚዛን ቤት ሰው ሲመጣ ጠጠር ያገኛል፤ «ደረቅ ሸለቆ» ብሎ ይከፍታል። ከዚያ በኋላ ቆልቲ የሚባል ወንዝ ነበር የሚል ሰው፣ ጃጅቷል እየተባለ ይሳቅበታል።

አመለወርቅ ይህን ባሰበች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ቆልቲ ከሌለ ላውንድሪዋ የለም። ይኼስ ይቅር። ሰው ወይራ አምባ ላይ የሰፈረው ቆልቲ ስላለ እንጂ ሚዛን ቤት ስላለ አይደለም።

በዚያው ምሽት ልጇ መዲና ከደሴ መጣች። መዲና ኮሌጅ ውስጥ የሒሳብ አያያዝ ታስተምራለች፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እንደ እናቷ ቶሎ አትቆጣም፤ ከተቆጣች ግን ቶሎ አይበርድላትም።

«ይኼ ነው የምታስተምሪው?» አለቻት አመለወርቅ፣ የአንሶላ ክምር ላይ እንደተቀመጠች። «ወንዝ እየተሰረቀ የጎደለ የለም የሚል ትምህርት?»

«እኔ የማስተምረው ይኼን አይደለም።» መዲና ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን ታሻለች። «ሒሳብ ሲጀመር ቁጥር ማስተካከያ አልነበረም እማዬ። አንድ ሰው አደራ ይሰጥሻል። ቀኑ ሲደርስ ፊቱ ትቆሚና 'አደራህ ይኸው፤ ይኼን አለማሁ፤ ይኼን አጠፋሁ' ትይዋለሽ። ሒሳብ ማለት ይኼ ነው። ሌላው ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።»

«ታዲያ እነዚህ ማን ፊት ይቆማሉ?»

«ማንም ፊት አይቆሙም። ባለአደራዎች ነን ይላሉ፤ የአደራው ባለቤቶች ግን ገና አልተወለዱም።» ሆዷን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «የልጅ ልጅሽን ስንት አድርገው እንደሚይዙት ታውቂያለሽ? በተመናቸው ያልተወለደ ሰው ከሙሉ ሰው በታች ነው። የሚወለድበት ዘመን በራቀ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣው ከአንድ ጣት አይበልጥም። ወንዙን ሲሸጡ የጠየቁት ያችን ጣት ነው።»

አመለወርቅ ሳቀች። የምትስቀው ንዴት ሲበዛባት ነው።

«ለመሆኑ በዚህ መመሪያ ውስጥ የማይሸጥ ነገር የለም?»

«አንድ አለ። 'የማይተካ' የሚባል ዓምድ አለ፤ እዚያ የገባው ሰው ብቻ ነው። ሰው አካሉ ሆኖ የተመዘገበበት ቦታም አብሮ አይነካም።»

«እና እኛ ሰው አይደለንም?»

«የተመዘገብነው ቤታችን ውስጥ ነዋ። ወንዙ ውስጥ የለንም።»

«ወንዙ ውስጥ አለ የሚባለው ምን ሲሆን ነው?»

መዲና እግሯን ማሸቷን ተወች። «ሰማይ ላይ ያለችው ካሜራ ለመክፈቻው ስትል በጳጉሜ በየቀኑ ፎቶ ታነሳለች። የጠፋውን አትጠይቅም፤ ያለውን ብቻ ነው የምትይዘው። አምስቱንም ቀን በአንድ ቦታ የታየ ነገር የቦታው አካል ነው። ድንጋይ ቢሆን ድንጋይ፣ ዛፍ ቢሆን ዛፍ። አንድ ቀን ከጎደለ መንገደኛ ነው።»

«ሰው ቢሆንስ?»

«ማንም ሞክሮት አያውቅም።»

«እንግዲያው ነገ በጠዋት ወንበር ይዤ እወርዳለሁ» አለች አመለወርቅ።

ወንበሩ ግን የእድሩ ነው፤ የእድሩ ዳኛ ደግሞ አያ ሰይድ ሙሄ ናቸው። አያ ሰይድ ሰማንያ ሊሞላቸው የተቃረበ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሲናገሩም ሰው የማያቋርጣቸው ሽማግሌ ናቸው። ጎህ ሲቀድ የእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ላይ የተሰበሰበውን ሰው ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ነገሩን ጠላሁት አላልኩም አመለወርቅ» አሉ። «ግን በጳጉሜ ሰውም አይቆጠርም። እግሩ የተሰበረ ቢኖር ሐኪም ቤቱ ዝግ ነው። የሞተ ቢኖር ደግሞ… የወንድሜን ልጅ ታውቂዋለሽ።»

ሁሉም ያውቁታል። ሑሴን አምና ጨፌው ሲደፈን ሊያይ ሄዶ አፈር ተደረመሰበት። መስከረም ላይ ሚዛን ቤት የጻፈው «አልተገኘም» ብሎ ነው። ሞተ አላለም። እናቱ ያንን ቃል ከሰማች ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳለች፤ አስከሬኑን በገዛ እጇ አጥባ እንኳ ትነሳለች።

«እኛ ግን ድንኳን ተክለን ቀብረነዋል» አለች አመለወርቅ። «ያኔ ወረቀት ጠይቀን ነበር አያ ሰይድ?»

አያ ሰይድ አንገታቸውን ደፉ።

«አልጠየቅንም» አሉ። «እድር በጳጉሜም ይቀብራል።» የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። «በሉ፣ ወንበሮቹን አውጡ።»

ጳጉሜ አንድ ጠዋት ቆልቲ ላይ የታየው ነገር በየትኛውም መመሪያ አልተጻፈም። ለቀብር ብቻ የሚወጡት የእድሩ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች ውሃው መሃል፣ ጠጠሩ ላይ ተደረደሩ። የእድሩ ድስት ዳር ላይ ተጣደ። ወንዱ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ሴቷ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀመጡ። ቦታው ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ያች የመጨረሻ አፈር ያለችበት፣ ቦዩ አፉን ከፍቶ የሚጠብቅበት።

ፀሐይ ስትወጣ ደስ ይል ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ከተራራው የሚወርደው ውሃ እግር ያደነዝዛል። በፈረቃ እንቀመጥ ያለ ነበር፤ መዲና ከለከለች። ካሜራዋ የምትይዘው ወንበሩን ሳይሆን ሰውዬውን ነው አለች። ስለዚህ መብላቱም መተኛቱም እዚያው፣ ወንዙ መሃል ባለችው የጠጠር ደሴት ላይ፣ በድንኳን ሸራ ተጠቅልሎ ሆነ። መጣላቱም እዚያው ነው። ተኮራርፈው የከረሙ ባልና ሚስት ወንበራቸው ጎን ለጎን ገጥሞባቸው፣ በማግስቱ ከመናደድ ብዛት መነጋገር ጀመሩ።

አመለወርቅ ሥራዋን ይዛ ነበር የወረደችው። የደንበኛ አንሶላ ጳጉሜ ነው ተብሎ አይተውም። ዕድሜዋን ሙሉ በማሽን ያጠበች ሴት አሁን ድንጋይ ላይ እየወቃች ወገቤን ትላለች፤ የሚያግዛት ሲመጣ ደግሞ አታውቅበትም ብላ ታባርራለች።

ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ እንደ ልማዱ ዘነበ። ሌላ ጊዜ የዚያን ቀን ዝናብ ሰው ይታጠብበታል፤ ልጆች ራቁታቸውን ይሮጡበታል። ዘንድሮም ልጆቹ ዳር ዳሩን ሮጡ፤ ትልልቆቹ ከወንበራቸው ሳይነሱ ፊታቸውን ወደ ላይ ሰጡ። ተራራው ላይ የዘነበው ግን ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ውሃው ደፈረሰ፤ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ጭን ወጣ። ወንበሮች እየተገለበጡ ተንሳፍፈው ሄዱ። አያ ሰይድ የድንኳኑን ገመድ ከዳር እስከ ዳር አስወጥረው ሁሉም ያዘው።

አመለወርቅ ልጇን ከኋላ አቅፋ ይዛታለች።

«ውጪ!» ብላ ጮኸችባት።

«አልወጣም።»

«አፈር ልብላልሽ፣ ለሆድሽ ስትይ ውጪ!»

«ለሆዴ ስል ነው የማልወጣው።»

አመለወርቅ ያኔ ፈራች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ተናዳ ነበር እንጂ አልፈራችም። ገመዱን የያዘው እጇ ቆዳው ተልጧል፤ የልጇን ሆድ የያዘው ሌላው እጇ ደግሞ ከውስጥ ሲገፋት ይሰማታል። ወንዙን ረገመች፤ ሚዛን ቤትን ረገመች፤ ይህን ሐሳብ ያመጣችውን ራሷን ረገመች። ውሃው ቀስ እያለ ጎደለ። ከተቀመጠው ሰው ሲሶው ያን ማታ ወደ ቤቱ ገባ፤ ግማሹ አሞት ነው፣ ግማሹ ልጅ ስላለው ነው። ማንም አላማቸውም። የቀሩት ወንበራቸውን ከታች በኩል ለቃቅመው መጥተው መልሰው ተቀመጡ።

በማግስቱ የለምለም ምትክ መኪና መጣ። ሹፌር የሌለው ቢጫ ኤክስካቫተር ነው፤ ግንባሩም ክንዱም ላይ ዓይን አለው።

«ውድ ነዋሪዎች» አለች ከውስጡ የምትወጣ የሴት ድምፅ። «በጳጉሜ ለሚደርስ ማንኛውም ጉዳት ድርጅታችን ኃላፊ አይደለም። ይህን የምንነግራችሁ ስለምናስብላችሁ ነው።»

«ዓይኗን በጨው ያጠበች!» አለች አመለወርቅ።

በቀረው ዓመት ይህ መኪና ሰው ሲያይ በራሱ ይቆማል፤ የሚቆመው ግን ለተቆጠረ ሰው ነው። በጳጉሜ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ አልነበረም። ሰንሰለቱ ጠጠሩን እየፈጨ ቀስ እያለ ቀረበ። አያ ሰይድ ከወንበራቸው አልተነሱም። ማንም አልተነሳም። አንዲት ሴት ዓይኗን ጨፍና መጸለይ ጀመረች።

አመለወርቅ ከታጠበው ክምር ላይ ውሃው ያልተንጠፈጠፈ አንሶላ ብድግ አደረገች። እርጥብ ቀሚሷ እግሯ ላይ እየተጠመጠመ ወደ መኪናው ሄደች። ክንዱ ወደ አፈሩ ሲዘረጋ፣ ግቢዋ ውስጥ ገመድ ላይ እንደምታሰጣው ሁሉ አንሶላውን ወረወረችበት።

«ማስጫ አጥቼ ነበር!»

መዲና ሁለተኛውን ወረወረች። ከዚያ ሁሉም ተነሳ። የሆቴል የጠረጴዛ ልብስ፣ የሠርግ መጋረጃ፣ የሰው ሁሉ አልጋ ልብስ መኪናው ላይ ወጣ። ኤክስካቫተሩ «እባክዎ እይታዬን ይክፈቱ» አለና ባለበት ቆመ። ዓይኑ ከተሸፈነ አይንቀሳቀስም። ይህ ደንብ ለሰው ተብሎ የወጣ አይደለም፤ መኪናው ውድ ስለሆነ ገደል እንዳይገባ ነው።

አመሻሹ ላይ አንሶላውን እንዲያነሱ ሁለት የድርጅቱ ሠራተኞች ተላኩ። ጎልማሶች ናቸው፤ የወይራ አምባ ልጆች። አያ ሰይድ ሁለቱንም በስማቸው ጠርተው እናቶቻቸው እንዴት እንዳሉ ጠየቋቸው። ሰዎቹ መለሱ። አንደኛው የአንሶላውን ጫፍ ነካ አድርጎ «ገና አልደረቀም» አለ። ሁለተኛውም ነክቶ «አዎ፣ አልደረቀም» አለ። ከዚያ ተመለሱ። በማግስቱም፣ በጳጉሜ መጨረሻ ቀን፣ መጥተው ነካ አድርገው አልደረቀም ብለው ተመለሱ፤ ያን ቀን ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር።

መስከረም አንድ ጠዋት የሚዛን ቤቱ ሰው በእግሩ መጣ። ኢዮስያስ ይባላል፤ ወጣት ነው፤ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ቦት አድርጓል፤ በእጁ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ይዟል። ዳር ላይ ቆሞ ያየውን አይቶ መጀመሪያ የተናገረው «እንኳን አደረሳችሁ» ነው። ያደገበት ቤት ጥሩ መሆኑ ታወቀለት።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለ የወንዙ ሰው ሁሉ።

«አሁን እባካችሁ ውጡልኝ፤ ልቆጥር ነው።»

«ቁጠር፤ ማን ከለከለህ?» አለች አመለወርቅ።

«እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ነው እንጂ…»

«የአምስቱን ቀን ፎቶ አይተኸዋል?» አለችው መዲና።

«አይቼዋለሁ።»

«እዚህ ቦታ ላይ ምን አለ?»

ኢዮስያስ ጭንቅላቱን አከከ። «ሰው።»

«በስንቱ ቀን?»

«በሁሉም» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

ከአንሶላው ሥር የድርጅቷ ድምፅ ታፍና ተሰማች። «መንገደኞች ናቸው! መንገደኞች ብለው ያልፏቸው!»

ኢዮስያስ ወደ ድምፁ ዞር አለ። «መንገደኛ ቢያንስ አንድ ቀን ይጎድለዋል» አለ።

ወንዙ ውስጥ ያለው ሰው በደስታ መጮህ ሲጀምር እጁን አነሳ።

«ቆይ፣ ስሙኝ። ከጻፍኩ የወንዙ አካል ናችሁ ማለት ነው። በየዓመቱ በጳጉሜ እዚሁ መገኘት አለባችሁ። ሰፈር ለቆ የሄደ ከወንዙ እንደጎደለ ይቆጠራል። የሞተም እንደዚያው። የማይተካው ተመናምኖ ካለቀ ወንዙ ይሸጣል። ይኼን አውቃችሁ ነው?»

ጩኸቱ ቆመ። እውነቱን ነበር የነገራቸው፤ ሊያስፈራራቸው አልነበረም። አመለወርቅ ዙሪያዋን አየች። የሚያስለው አለ፤ የሚንቀጠቀጠው አለ፤ ከንፈሩ የጠቆረው አለ። አብዛኛው ሰው ፀጉሩ ሸብቷል። ለራሷም ስንት ጳጉሜ እንደቀራት ገመተች፤ ብዙ አልመጣላትም።

«እኔ ስሄድ በእኔ ቦታ ማን ይቆጠራል?» አሉ አያ ሰይድ።

መዲና ከወንበሯ ተነሳች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ዳር ተራመደች። «ይኼኛው።»

ኢዮስያስ ሰሌዳውን አየ። «እህቴ፣ ያልተወለደ በሙሉ አይያዝም። ተመኑ…»

«አንተ ልጅ!» አመለወርቅ ውሃውን እየረገጠች መጣችበት። «እናትህ አንተን ያረገዘችህ በመቶኛ ነበር?»

ሰው ሳቀ። ኢዮስያስ አልሳቀም፤ ጆሮው ግን ቀላ። ሰሌዳው ላይ አንድ ብሎ ጻፈ። ሰሌዳው ጮኸ፤ ከአንድ በታች ያስገቡ አለው። ደግሞ ጻፈ፤ ደግሞ ጮኸ።

«በእጅህ ጻፈው» አለችው መዲና። «በእጅ የተጻፈውን ማሽኑ አይሽረውም።»

«በእጅ ከጻፍኩ እኮ በስሜ መፈረም አለብኝ።» አሁን ፍርሃቱ ፊቱ ላይ ወጣ። «እስከ ዛሬ የፈረመ የለም። ተጠያቂው እኔ እሆናለሁ።»

«ሁንና» አለች አመለወርቅ። «ሒሳብ ነው አይደል ሥራህ?»

«ማን ነው የሚጠይቀኝ? አለቆቼ ናቸው? ድርጅቱ ነው?»

አመለወርቅ መዳፏን የልጇ ሆድ ላይ አሳረፈች። ከወንዙ የወጣ እጅ ነውና መዲና በብርዱ ዘለል አለች።

«ይኼ ነው የሚጠይቅህ። አድጎ፣ እዚህ ወንዝ ዳር ቆሞ።»

ኢዮስያስ ሰሌዳውን ጠጠሩ ላይ አስቀመጠና ከኪሱ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። በጉልበቱ ላይ አስደግፎ ውሃ፣ ዓሣ፣ ሸንበቆ፣ ድንጋይ ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ሰው ብሎ ጻፈና ከአያ ሰይድ ጀምሮ አንድ በአንድ እያየ ቆጠረ። መጨረሻ ላይ መዲና ዘንድ ሲደርስ ሁለት ብሎ ደመረ።

እስክሪብቶውን ሊከድነው ሲል አመለወርቅ ክንዱን ያዘችው።

«ስምህን ከነአባትህ ጻፈው እንጂ» አለችው። «እንዲያገኝህ።»